ገበናውን አደባባይ ያወጣ ቤት

የዛሬው ትረካችን ከአንዲት ትንሽ የፈረንሳይ መንደር ይነሳል። ትሮስሊ ብረይ ትባላለች፤ ከፓሪስ በስተሰሜን፣ ከኮምፒየኝ ጫካ ዳር ትገኛለች። ጊዜው 1964 ነው። እንግዲህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ ዓመት፣ ኦገስት ሲገባ፣ አንድ ቁመተ ረጅም ካናዳዊ በመንደሯ የገዛትን አሮጌ ቤት ከፍቶ ከሁለት ሰዎች ጋር መኖር ጀመረ። ሁለቱ ራፋኤልና ፊሊፕ ይባላሉ። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባቸው፤ ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ የኖሩት ከፓሪስ በስተደቡብ ባለ አንድ ማቆያ ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን በአውሮፓም በአሜሪካም የእነዚህ ሰዎች ዕጣ ይኸው ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ ረጅም አጥር፣ አልጋ የተደረደረበት አዳራሽ። ምን መብላት ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ጠያቂ ዘመድም እየቆየ ይቀራል።

ካናዳዊው ዣን ቫንዬ ነው። አባቱ ጆርጅ ቫንዬ ያኔ የካናዳ ጠቅላይ ገዥ ነበር። ልጁ በ13 ዓመቱ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ፤ መኮንን ሆነ፤ በ1950 ግን ማዕረጉን ትቶ ወጣ። በፍልስፍና ዶክትሬቱን ይዞ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከዚያ ነው ወደ ትሮስሊ የመጣው። ቤቱን ላርሽ ብሎ ሰየመው፤ የኖኅ መርከብ ለማለት ነው።

ሐሳቡ ለሰሚ ቀላል ነው። ረጂና ተረጂ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኑሩ፤ በአንድ ገበታ ይብሉ፤ ሰውየው የራሱ ክፍል፣ የራሱ ሥራ፣ የራሱ ወዳጅ ይኑረው። ቤቱ ተባዛ። በ1969 ካናዳ ደረሰ፤ በ1970 ሕንድ ገባ። ቆይቶም በ38 አገሮች ከ150 በላይ ማኅበረሰቦች ያሉት ትልቅ ተቋም ሆነ።

ይህ አገልግሎት ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ቶሮንቶ አካባቢ እንሻገር። እዚያ ዴይብሬክ የሚባል የላርሽ ቤት አለ። በ1986 ሄንሪ ናውወን የሚባል ቄስ ሊኖር መጣ፤ በየልና በሃርቫርድ ያስተማረ፣ መጻሕፍቱ በብዙ አገር የሚነበቡ ሰው ነው። ሥራ ሲሰጡት ንግግር አድርግ፣ ጻፍ አላሉትም። አዳም የሚባለውን ወጣት ጠዋት ጠዋት አንተ ታነሳዋለህ አሉት። አዳም በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ያለ፣ መናገር የማይችል፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ካልደገፉት የማይራመድ ሰው ነው። ናውወን ፈራ፤ ይህንንም ራሱ ጽፎታል። ብጥለውስ? በእጄ ላይ ቢጥለውስ? ቀስ በቀስ ግን ለመደ። ከአልጋው ያነሳዋል፤ የሌሊት ልብሱን ያወልቅለታል፤ ከኋላው ደግፎ ወደ ገንዳው ይወስደዋል፤ ያጥበዋል፣ ጢሙን ይላጨዋል፣ ጥርሱን ይቦርሽለታል፣ ፀጉሩን ያበጥርለታል። ከዚያ ቁርስ ነው። አዳም መብላት ይወዳል፤ ማንኪያውን ጥቂት ከረዱት ራሱ ወደ አፉ ይወስዳል። ይህ ሁሉ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንያዝ። በር ተዘግቶ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ ባሉበት መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ አንደኛው ልብሱን አውልቆ፣ ምንም ቢደረግበት ለማንም መናገር ሳይችል ይቀመጣል። አገልግሎቱ ሁሉ በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት ከማንም ቤት ይልቅ መመርመር አለበት። የመጨረሻው ተመርማሪ ደግሞ አጣቢው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ምርመራው እስከ መሥራቹ መውጣት አለበት።

ቫንዬ በሰው ዓይን ሊመረመር የሚታሰብ ሰው አልነበረም። በ2015 የቴምፕልተን ሽልማትን ተቀበለ። በካናዳ ትምህርት ቤቶች በስሙ ተጠሩ። ብዙዎች በሕይወት ያለ ቅዱስ ይሉት ነበር። ሜይ 7 ቀን 2019፣ በ90 ዓመቱ ሲሞት ዓለም አዘነለት።

አሁን ወደ ተደበቀው ክፍል እንግባ። ቫንዬ ወደ ትሮስሊ የመጣው አንድን ቄስ ተከትሎ ነው። ቶማስ ፊሊፕ ይባላል፤ የዶሚኒካን መነኩሴ፣ የቫንዬ የነፍስ አባት ነው። ይህ ሰው ቀደም ሲል ሎ ቪቭ የሚባል የመንፈሳዊ ትምህርት ማዕከል ይመራ ነበር። ሴቶችን በጸሎትና በምስጢራዊ መገለጥ ስም ለወሲብ ሲጠቀምባቸው ተደርሶበት በ1956 ቫቲካን ፈረደበት፤ ከክህነት አገልግሎትም አገደው። በ1993 ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተጎዱ ሴቶች አቤቱታ አቀረቡ፤ በ2015 ቤተ ክርስቲያን አጣርታ እውነት መሆኑን አረጋገጠች። ቫንዬ ምንም አላውቅም አለ።

ያውቅ ነበር። ይህን ያወጣው ላርሽ ራሱ ነው። ስለ ቫንዬ የሚናገር ምስክርነት ለአመራሩ የደረሰው ገና እሱ በሕይወት ሳለ ነበር። በ2019 አመራሩ የውጭ ሰው ይመርምረን ብሎ ጂ ሲ ፒ ኤስ ለሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ጉዳዩን ሰጠ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2020 ውጤቱ ለሕዝብ ተገለጠ። ቫንዬ ከ1970 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ስድስት ሴቶችን፣ መንፈሳዊ ምክር ፍለጋ በመጡበት፣ በዚያው በቶማስ ፊሊፕ መንገድ በወሲብ ተጠቅሞባቸዋል። ስለ ፍርዱም እያወቀ ዋሽቷል። ሴቶቹ ረዳቶችና መነኮሳይት ነበሩ፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አልነበሩም።

እኛ አገር ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። ይህ ስም ከመቃብር በላይ አንድ ዓመት እንኳ አልቆየም።

ላርሽ ግን በዚያ አላቆመም። የታሪክ፣ የሶሲዮሎጂ፣ የሥነ አእምሮና የነገረ መለኮት ባለሙያዎች ያሉበት ኮሚሽን አቋቁሞ መዝገቡን ከፈተላቸው። የግል ደብዳቤዎች ተነበቡ፤ የዶሚኒካኖቹ መዝገብም ታየ። በጃንዋሪ 30 ቀን 2023 የወጣው ሪፖርት ከ800 ገጽ በላይ ነው። የተጎዱት ሴቶች ቁጥር ወደ 25 ከፍ አለ፤ ዘመኑም ከ1952 እስከ 2019 ተዘረጋ። ከሁሉ የመረረው ቃል ስለ ቤቱ አመሠራረት የተጻፈው ነው፤ ትሮስሊ የተመረጠችው በከፊል የተበተነውን የቶማስ ፊሊፕን ቡድን እንደገና ለማሰባሰብ ነበር። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ነዋሪዎች በቫንዬ መጠቃታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ግን ኮሚሽኑ አላገኘም። ይህን ማለት የተቻለው ሰው ስለፈለገና ስለመረመረ ነው፤ ዝም ቢባል ኖሮ ጥርጣሬው በእያንዳንዱ ነዋሪ ላይ ያንዣብብ ነበር።

አንዳንዱ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ ይላል። ሰውየው ሞቷል፤ ቤቱ መልካም ሥራ እየሠራ ነው፤ ገበና ለምን ይወጣል? ይህ ክርክር በእኛም ዘንድ ኃይለኛ ነው፤ ገበና መሸፈንን እንደ ጨዋነት እንቆጥራለንና። በእኔ እምነት ግን እዚህ ላይ የተሸፈነው የሴቶቹ ጉዳት እንጂ የቤት ገበና አልነበረም። ለአሥርተ ዓመታት ብቻቸውን ተሸክመውታል። ሰውየውን ፍርድ ቤት ቆሞ ሳያዩት ሞተ። እውነቱ ዘግይቷል፤ ላርሽም ይህን ዕዳ ገና ከፍሎ አልጨረሰም። ያም ሆኖ በ2020 የምርመራውን ውጤት ሲያሳውቁ በጻፉት ደብዳቤ የላርሽ መሪዎች የራሳቸውን መሥራች በስሙ ጠርተው ድርጊቱን አውግዘዋል፤ የተናገሩትንም ሴቶች ስለ ድፍረታቸው አመስግነዋል። ተጠያቂነት ማለት ይህን ያህል የሚያም ነገር ነው። በካናዳ በስሙ የተጠሩ ትምህርት ቤቶች ስማቸውን ቀየሩ፤ በላርሽ ቤቶች ግን ጠዋት ጠዋት ሰው ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ቁርሱን ይበላል። ያ ሥራ የቫንዬ ንብረት አልነበረም።

አገር ቤትም ሆነ በስደት፣ ልጃችሁን እንዲህ ላለ ቤት የምታስረክቡ ወላጆች፣ ገንዘብ የምታዋጡ ወገኖች፣ አንድ አደራ አለኝ። የኛም ሕግ፣ ለምሳሌ በኛ አቆጣጠር የ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113፣ የሥራ ክንውንና የኦዲት ሪፖርት በየዓመቱ ይጠይቃል። ጥሩ ነው። ነገር ግን እነዚያ ሁለት የላርሽ ሪፖርቶች ያወጡትን ዓይነት በደል የሂሳብ መርማሪ አያገኘውም። ስለዚህ እናንተ ጠይቁ። ልጄን የሚያጥበው ማን ነው? በሩ ሲዘጋ ሌላ ማን ያውቃል? ሠራተኛ ክፉ ነገር ቢያይ፣ ያውም በኃላፊው ላይ ቢያይ፣ ሥራውን ሳያጣ ለማን ይናገራል? መሥራቹን ወይም መሥራቿን ማን ይጠይቃቸዋል? ቅን የሆነ ቤት በዚህ አይቀየምም። ሌላ ቦታ አናገኝም ብላችሁ ፈርታችሁ ዝም አትበሉ፤ ጠይቁ።