የምዘና ውጤት ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውሳኔ

የተማሪዎችን የትምህርት ውጤት በሀገር አቀፍ ደረጃ በናሙና መመዘን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1992 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዙር የታዩት የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው።

በ2002 ዓ.ም. በ6 ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። በወቅቱ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት ሳይደግሙ ይዛወሩ ስለነበር ችግሩን ከክፍል ዝውውር ሪፖርት ማወቅ አይቻልም ነበር። ግኝቱ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሥርዓተ ትምህርት እንዲከለስ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

ይሁን እንጂ የናሙና ጥናት የትኛው የቀበሌ ትምህርት ቤት ድጋፍ እንደሚሻ ለወረዳው አይነግርም። ለዚህ የሚያገለግለው በየትምህርት ቤቱ የተያዘው የክፍል ውጤትና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት ነው።

ወረዳዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት አማካይ ውጤት ግን ብቻውን ያሳስታል። አማካያቸው 48 የሆነ ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል። በአንደኛው ሁሉም ተማሪ 48 አካባቢ ሲያገኝ፣ በሁለተኛው ግማሾቹ 70፣ ግማሾቹ 26 አግኝተዋል። የመጀመሪያው የመምህራን ሥልጠናና የመጻሕፍት አቅርቦት መታየት ይኖርበታል። ለሁለተኛው ወደኋላ የቀሩትን በስም ለይቶ፣ የመቅረት መዝገባቸውን መርምሮ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት ይቀድማል።

12 ተማሪ ብቻ ባስፈተነ ትምህርት ቤት የ2 ልጆች መውደቅ ውጤቱን በ17 ከመቶ ገደማ ስለሚያወርደው፣ በአንድ ዓመት አኃዝ ርዕሰ መምህር ማንሳት ተገቢ አይሆንም።