የዲላ ጎዳናዎች በጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ፦ የከተማ ታሪክ ሰነድና አጠባበቁ

የአንድ ከተማ ታሪክ የሚጻፈው ከደብዳቤ፣ ከመዝገብና ከሽማግሌ ቃል ብቻ አይደለም። ጎዳናው ራሱ፣ በግራና በቀኙ የተሰለፉት ቤቶች፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ፣ የመብራት ምሰሶውና የሱቁ ሰሌዳ ሁሉ የሚናገሩት ነገር አላቸው። ይሁን እንጂ ጎዳና እንደ ሐውልት ቆሞ አይጠብቅም። ይሰፋል፣ ይነጠፋል፤ ዳርና ዳሩ ያለው ቤት ይፈርሳል፣ በምትኩም ሌላ ይሠራል። ከአንድ ትውልድ በኋላ የቀድሞውን መልክ ይዞ የሚገኘው በፎቶ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የፊልም ኔጋቲቭ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በታች የቀረበው ሐተታ ዲላንና የጌዴኦ ዞንን መነሻ በማድረግ፣ አሮጌ የጥቁርና ነጭ ኔጋቲቮች ለከተማ ታሪክ ያላቸውን ዋጋ፣ የሚያሰጋቸውን ጥፋትና ወደ ዲጂታል ቅጂ የሚዛወሩበትን አሠራር ይመለከታል።

ካሜራ በመሐንዲስ እጅ

ወደ ኢትዮጵያ ቀድመው ከገቡት ካሜራዎች መካከል የመሐንዲሶች መሣሪያ የነበሩ ይገኙባቸዋል። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ፣ ከእንግሊዝ ንጉሣዊ መሐንዲሶች ጓድ 10ኛው ሻምበል የፎቶግራፍ ክፍል ይዞ መጥቶ ነበር። ተግባሩም የአገሩን አቀማመጥና ጦሩ ያለፈበትን መስመር ማንሳት፣ ካርታና ንድፍንም በፎቶግራፍ እያባዛ ማደል ነበር። ከዚያ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ሙያውም ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶኒ ተላልፎ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቋል። የዚያ ዘመን ካሜራ በአብዛኛው የተመለከተው ንጉሡን፣ መኳንንቱን፣ ሠራዊቱንና የአዲስ አበባን ታላላቅ ሥነ ሥርዓቶች ነው።

ድንጋዩ ሲነሣ ጎዳናው ቀረ

ካሜራው ወደ ደቡብ ሲወርድ በቅድሚያ የሳበው ትክል ድንጋዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የካፑቺን ገዳም አባል የሆኑት ፈረንሳዊው አባ አዛይስ ከሮዤ ሻምባር ጋር በደቡብ ኢትዮጵያ ተዘዋውረው ያዩአቸውን ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1931 በፓሪስ ባሳተሙት መጽሐፍ በጽሑፍና በፎቶግራፍ አቀረቡ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመናዊው የባህል አጥኚ በአዶልፍ የንዘን የተመራው የፍሮቤኒዩስ ተቋም ጓድ በዚያን ጊዜ ደራሳ ይባል የነበረውን የጌዴኦን አገር ጭምር ጎብኝቶ ድንጋዮቹንና የሕዝቡን ሥርዓት መዘገበ። የተቋሙ የምስል ክምችት መቀመጫው ፍራንክፈርት ሲሆን፣ በዘመናችን ወደ ዲጂታል ቅጂ ተዛውሮ ለተመራማሪዎች ተከፍቷል።

ይህ ሥራ ከንቱ አልቀረም። ፈረንሳዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ሮዤ ዡሶም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቱቱ ፈላ ቁፋሮ ባካሄደ ጊዜ ቀድሞ የታተመ ሥዕላዊ ማስረጃ ከፊቱ ነበረው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርም፣ ትክል ድንጋዮቹንና እንሰትን ከቡናና ከአገር በቀል ዛፎች ጋር አሰባጥሮ የሚያለማውን የግብርና ጥበብ ይዞ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሠፍሯል።

ዲላ ግን በዋነኛነት የነጋዴና የሹፌር ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች፣ የደጋው ቡና የሚወርድባትና የሚጫንባት ገበያ ናት። በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የደራሳ አውራጃ ዋና ከተማ ሆና ስታገለግልም ቆይታለች። እንዲህ ባለች ከተማ የፎቶ ቤት እንጀራ የሚገኘው ለመታወቂያና ለትምህርት ማስረጃ ከሚነሣ ጉርድ ፎቶ፣ ከሠርግና ከዓመት በዓል ነው። ፎቶ አንሺው ያነሣው ሰውን ነው፤ ጎዳናው ሳይጠራ ከሰውየው ጀርባ ገባ። ደንበኛው በሱቁ ደጃፍ፣ በአዲስ መኪናው አጠገብ ወይም በሰልፍ መካከል ሲነሣ፣ የቤቱ ጣሪያ ሣር ወይም ቆርቆሮ መሆኑ፣ የመንገዱ ስፋትና የቦዩ አቅጣጫ አብሮ ተመዘገበ።

ስለዚህ የድንጋዩ ማስረጃ በፓሪስና በፍራንክፈርት ሲጠበቅ፣ የጎዳናው ማስረጃ ግን በአብዛኛው በአገር ቤት፣ በፎቶ አንሺዎችና በወራሾቻቸው እጅ የቀረ ነው። ኃላፊነቱም የአገር ቤት መሆኑ ከዚሁ የተነሣ ነው።

ከኅትመቱ ይልቅ ኔጋቲቩ

በየቤቱ አልበም ውስጥ የሚገኘው የታተመ ፎቶግራፍ እያለ ኔጋቲቩ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የታተመው ፎቶግራፍ የኔጋቲቩ ልጅ ነው። ፎቶ አንሺው በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያትም፣ ደንበኛው የሚፈልገውን ፊት አጉልቶ ዳርና ዳሩን ይቆርጣል። የተቆረጠው ዳር ግን ጎዳናው ነው። ከዚህም በላይ ወረቀት የሚችለው የብርሃንና የጥላ ልዩነት ፊልም ከሚይዘው ያነሰ ስለሆነ፣ በኅትመቱ ላይ ጥቁር ጥላ ብቻ የሚመስለው በረንዳ በኔጋቲቩ ላይ ምሰሶውና በሩ ተለይቶ ሊታይ ይችላል።

ኔጋቲቩ ዘመኑንም ይናገራል። በሱቅ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ የባለቤት ስም፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ከመወረሱ በፊት ወይም በኋላ ስለመነሣቱ ፍንጭ ይሰጣል። በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ «ደራሳ» ወይም «ጌዴኦ» የሚለው ጽሑፍ መነበቡም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ስም ከአብዮቱ በኋላ በሁለተኛው ተተክቷልና። የሰው ቁመት ወይም የበር ከፍታ በምስሉ ውስጥ ከታወቀ፣ መሐንዲስ ከዚያ ተነሥቶ የመንገዱን ስፋትና የቤቱን ቁመት በግምት ሊያሰላ ይችላል።

ይሁንና ከሁሉ የሚበልጠው የፊልሙ ተርታ ነው። በመካከለኛው ጥቅል ፊልም ላይ ስድስት በስድስት ሳንቲ ሜትር የሆኑ 12 ምስሎች፣ በ35 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ እስከ 36 የሚደርሱ ምስሎች በተራ ቁጥር ይከተላሉ። ቀኑ ያልታወቀ የጎዳና ምስል ቀናቸው በታወቀ ሁለት ምስሎች መካከል ቢገኝ፣ የእርሱም ጊዜ በዚያው ይወሰናል። ተርታው በመቀስ ተቆራርጦ ከተበታተነ ግን ምስሉ ይቀራል እንጂ ታሪኩ ይጠፋል። በኤንቬሎፑ ላይ ያለው ቁጥርና የፎቶ ቤቱ የደንበኞች መዝገብም ከፊልሙ ያላነሰ ሰነድ ነው።

የሚያሰጋው ጥፋት

የጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ምስል፣ በጄላቲን ንጣፍ ውስጥ የተያዘ ደቃቅ የብር ቅንጣት ነው። ንጣፉን የሚሸከመው ግልጽ ፕላስቲክ በቀድሞው ዘመን ናይትሬት ነበር፤ ይህም በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1951 ማምረቱን አቆመ። በእርሱ የተተካው አሴቴት በእሳት ረገድ አስተማማኝ ቢሆንም፣ በሙቀትና በእርጥበት እየተበላሸ ኮምጣጤ የሚሸት አሲድ ያወጣል። አሲዱም ጥፋቱን መልሶ ያፋጥነዋል። ፊልሙ ይሸበሸባል፣ ይጠብባል፣ በመጨረሻም የጄላቲኑ ንጣፍ ከፕላስቲኩ ይላቀቃል። በአሜሪካ በተካሄደ ጥናት መሠረት፣ አዲስ የአሴቴት ፊልም በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና በ50 በመቶ እርጥበት ቢቀመጥ ይህ የተፋጠነ ጥፋት የሚጀምረው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሙቀቱ ወይም እርጥበቱ ሲጨምር ዕድሜው ያጥራል። ዲላ ዝናብ የሚበዛባት ወይና ደጋ ከተማ ከመሆኗም በላይ፣ ከአብዮቱ በፊት የተነሡት ፊልሞች ከ50 ዓመት በላይ አስቆጥረዋል።

በዚህ ላይ ሻጋታ ጄላቲኑን ይመገበዋል፤ በቂ ውሃ ባልነበረበት ጊዜ ሳይጠራ የታጠበ ፊልምም ቢጫ እየሆነ ይደበዝዛል። ከኬሚካሉ ጥፋት የማይተናነሰው ደግሞ የገበያው ነው። የቀለም ፊልም፣ ቀጥሎም ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ፣ ለእጥፍ ኅትመት ተብሎ ይጠበቅ የነበረው ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ለባለቤቱ ቦታ አጣባቢ ዕቃ ብቻ ሆነ።

ቀድመው የሠሩ

ለሥራው አርአያ አልጠፋም። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ከአውሮፕላን ያነሧቸው የኢትዮጵያ ፎቶግራፎች በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ግምጃ ቤት ለረጅም ዘመን ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ፣ የድርጅቱ ባለሙያዎችና የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተባብረው ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ። ብዛታቸው 8,281 የሆነ ጠንካራ ሰሌዳዎች ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሦስት ደግሞ ወደ ጎን አዘንብለው የተነሡ ምስሎች ተለጥፈዋል። የተመራማሪዎቹን ሥራ ያቃለለው የሰሌዳዎቹ ተርታ ነው። ምስሎቹ በበረራው መስመር ቅደም ተከተል ስለተቀመጡ የእያንዳንዱን ቦታ መፈለግ ተቻለ።

በአዲስ አበባ ደግሞ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው የወጣቶች ጥረት ከየቤተሰቡ አልበም አሮጌ ፎቶግራፎችን እየሰበሰበና እየገለበጠ፣ የባለቤቶቹንም ትዝታ እየመዘገበ እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ መልክ አቅርቧል። ይህም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ውጭ ያለው ክምችት ምን ያህል ሊያፈራ እንደሚችል ያሳያል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ሥራው በማሽን አይጀመርም። በመጀመሪያ ሳጥኑ እንደተገኘ ሆኖ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ኤንቬሎፖቹም በነበሩበት ተራ ይቆጠራሉ። ኮምጣጤ የሚሸተው ይለያል፤ ቅድሚያ የሚሰጠውም ለእርሱ ነው። ቀጥሎ በጥጥ ጓንት፣ በለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ አቧራው ይጠረጋል። ኔጋቲቭን በውሃ ማጠብ ግን ለጀማሪ ፈጽሞ አይፈቀድም።

ለመገልበጡ ብርሃን በፊልሙ ውስጥ አሳልፎ የሚያነብ ስካነር፣ ወይም የብርሃን ሰሌዳና በቅርብ የሚያነሣ ሌንስ የተገጠመለት ዲጂታል ካሜራ ይበቃል። በአንድ ኢንች 2,400 ነጥብ ቢነበብ፣ ትክክለኛ ጎኑ 56 ሚሊ ሜትር የሆነው ባለስድስት በስድስት ኔጋቲቭ በየጎኑ 5,290 ያህል፣ በድምሩ 28 ሚሊዮን ነጥብ ይሰጣል። በ16 ቢት ግራጫ ሲቀመጥ 56 ሜጋ ባይት ይሆናል። አንድ ሺህ ኔጋቲቭ 56 ጊጋ ባይት ብቻ ስለሚይዝ፣ የማስቀመጫ ዋጋ ሰበብ ሊሆን አይችልም። ለቀለም ፊልም የተሠራው በኢንፍራሬድ አቧራ የማጥፊያ ስልት ግን ለጥቁርና ነጭ አይሆንም፤ የብሩ ቅንጣት ጨረሩን ስለሚጋርድ ማሽኑ ምስሉን ራሱን እንደ አቧራ ይቆጥረዋል። የፊልሙ ጠርዝም አብሮ መገልበጥ አለበት፤ የተራ ቁጥሩ፣ የአምራቹ ስምና ፊልሙ ከናይትሬት የተለየ መሆኑን የሚያመለክተው «ሴፍቲ» የሚል ጽሑፍ የሚገኘው በዚያ ነውና።

ቅጂው ሳይታረም በዋና ፋይልነት ተጠብቆ፣ ለእይታ የሚሆነው ሌላ ቅጂ ከእርሱ ይወጣል። ሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ከከተማው ውጭ መቀመጥ ይኖርበታል። ኔጋቲቩም አሲድ በሌለበት ወረቀት ተጠቅልሎ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል እንጂ ተገልብጧል ተብሎ አይጣልም።

በመጨረሻም ምስሉ ቀድሞ ከተማውን ለሚያውቁ አረጋውያን ይታያል። የማን ቤት እንደነበረ፣ ጎርፉ በየት በኩል ይወርድ እንደነበር የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። ፊልሙ በጥንቃቄ ቢያዝ ሌላ አሥር ዓመት ሊቆይ ይችል ይሆናል፤ ለአረጋውያኑ ግን ይህ ዋስትና የለም። ከሥራው ሁሉ የማይዘገየው ይህ ክፍል ነው።

ሊከበር የሚገባው መብት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንኛውም ሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ የተፈጸመን ወይም ሕዝብን የሚመለከት ሥነ ሥርዓት፣ እንዲሁም ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት የሚውለውን ሁኔታ ለይቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ የሰልፍና የገበያ ምስል አንድ ነገር ሲሆን፣ በስቱዲዮ ውስጥ ለቤተሰብ የተነሣ ምስል ሌላ ነው። ኔጋቲቩን የሚያውሱ ፎቶ አንሺዎችና ወራሾችም ንብረታቸው እንደማይነጠቅ በጽሑፍ ሊረጋገጥላቸው፣ ስማቸውም በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ሊመዘገብ ይገባል።

ማጠቃለያ

ዲላ የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከላት አንዷ የሆነች ከተማ ናት። ማዕከልነት ግንባታን ያመጣል፤ ግንባታም መንገድ ማስፋትንና አሮጌ ቤት ማፍረስን ያስከትላል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው የፈረሰው ምን እንደነበር ሳይታወቅ ማለፉ ነው። ዩኒቨርሲቲው ቦታና ወጣት እጅ፣ የዞኑ የባህል መሥሪያ ቤት ሕጋዊ ጥላ፣ የፎቶ ቤት ወራሾችም ሳጥኖቻቸውን ቢያቀርቡ ሥራው በአነስተኛ ወጪ ሊጀመር ይችላል። የቅጂው አንድ ክፍልም በ1936 ዓ.ም. በተመሠረተው ወመዘክር ቢቀመጥ ለአገር የሚተርፍ ይሆናል።

የምሕንድስና ባለሙያም ድርሻው ቀላል አይደለም። የከተማ መንገድና የጎርፍ መውረጃ ጥናት ሲያዘጋጅ የአፈር ምርመራንና የቅየሳን ወጪ በሥራ ዝርዝሩ እንደሚያስገባ ሁሉ፣ የነባር ኔጋቲቮችን ማሰባሰብና መገልበጥ በአንድ መስመር ቢጨምር፣ ለዲዛይኑ የቀድሞውን የውሃ መንገድ፣ ለከተማውም ታሪኩን ያስገኛል። ማፍረሻ ማሽኑ ጎዳናው ላይ ከመድረሱ በፊት ባለሙያው የሰፈሩን ፎቶ ቤት በር ማንኳኳት ይኖርበታል።