ባለ 45 ዙር ሸክላ፣ አዲስ አበባ፣ 1960ዎቹ ዓ.ም.

በተለምዶ ሸክላ የሚባለው ይህ የሙዚቃ ዲስክ በደቂቃ 45 ጊዜ እየዞረ በእያንዳንዱ ገጹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዘፈን ብቻ የሚያሰማ ነው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ክልከላውን ደፍሮ በድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ ዘፈኖች አምሃ ሪከርድስ የተባለውን አሳታሚ የጀመረ ሲሆን፣ በአገር ውስጥ የሸክላ ፋብሪካ ስላልነበረ ሥራው መጀመሪያ በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ይታተም ነበር።

በዚያ ዘመን ወጣት የነበሩ የዛሬ አያቶች ትዝታ ግን ከአሳታሚው ይልቅ ከፒያሳ ሙዚቃ ቤቶች ጋር የተቆራኘ ነው፤ ማጫወቻ በየቤቱ ስላልነበረ አዲስ ዘፈን የሚሰማው ወደ መንገድ ከዞረ ድምፅ ማጉያ፣ ከቡና ቤት ወይም ከሬዲዮ በመሆኑ፣ ሸክላውን ሳይገዙ ግጥሙን በቃላቸው የያዙ ጥቂት አልነበሩም። በገጹ ላይ የሚታየው ጭረት፣ መርፌው (በቦዩ ውስጥ እየሄደ ንዝረቱን የሚያነብበው ሹል ጫፍ) ደጋግሞ እንደተመላለሰበት ያሳያል፤ ለሰብሳቢ ጉድለት ቢሆንም ለታሪክ አጥኚ ካልተነካ ቅጂ የበለጠ ዋጋ አለው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ የምሽት ቤቶችን ሲያዳክም፣ የሸክላን ቦታ ካሴት ወሰደው።