ያረጀ ተሽከርካሪ ሞተር ለመነሳት ሲዘገይ፦ ከሞተሪኖው በፊት ምን ይፈተሽ?

ከኢታንግና ከአቦቦ ወደ ጋምቤላ ከተማ በሚወስዱ መንገዶች ላይ ረጅም ዓመት ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ምርትና ሕሙማን ያመላልሳሉ። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ለመነሳት ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ሞተሪኖው ነው፤ መነሻው ግን ባትሪው ወይም ገመዱ ሊሆን ይችላል።

በቅድሚያ ምልክቱን መለየት ይገባል። ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ችግሩ በነዳጅ፣ በቤንዚን ሞተር ደግሞ በካንዴላም በኩል ይፈለጋል። በዝግታ የሚዞር ከሆነ ፍተሻው ከባትሪው ይጀመራል።

የቆላው ሙቀት የባትሪ ውሃ በትነት እንዲቀንስና ዕድሜው እንዲያጥር ያደርጋል። በሚገባ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ለሰዓታት ካረፈ በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ የሚጨመረው ለባትሪ የተዘጋጀ የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የወንዝ፣ የጉድጓድም ሆነ የቧንቧ ውሃ በውስጡ ባለው ማዕድን ባትሪውን ይጎዳል።

ቀጥሎ የባትሪው ጫፎችና ሞተሩን ከሻንሲው የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ከዝገት ይጸዳሉ፤ ይጠበቃሉ። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሆናል። በአቅራቢያው እሳት ወይም ሲጋራ ሊኖር አይገባም።

ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ የሚለካው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካልደረሰ ዲናሞው ይፈተሻል። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው፣ ሞተሩ ከረጅም ጉዞ በኋላ ብቻ በዝግታ ዞሮ ሲቀዘቅዝ በደንብ የሚነሳ ከሆነ፣ ያኔ ሞተሪኖውንና ወደ እርሱ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ በጋራዥ ማስፈተሽ ተገቢ ነው።