የግዙፉ ንስር አፈ ታሪክና የታሪክ ትምህርት

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በማስተማር ልምምድ ወቅት፣ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠን የአንድን እጩ መምህር ትምህርት እንከታተል ነበር። የዕለቱ ርእስ የሕንድ ውቅያኖስ ጥንታዊ ንግድ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ዝሆን በጥፍሮቹ አንጠልጥሎ የሚበር ታላቅ ንስር ሲሥል ኖሮ እጩ መምህሩ ደረሰበት። ምን እንደሆነ ቢጠይቀው «ሮክ ይባላል፤ ከአንድ ጨዋታ ያገኘሁት ነው» ሲል መለሰ። እጩ መምህሩም «ይህ የፈረንጅ ተረት ነው፤ ታሪክ አይደለም» ብሎ ደብተሩን አስዘጋው። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁም አቀርቅሮ ቀረ።

ከትምህርቱ በኋላ አስተያየት ስንሰጥ እኛም ይህን አልነቀፍንም። እንዲያውም ሥነ ሥርዓት ማስከበሩን አመሰገንን። ስሕተታችን የገባን ዘግይቶ፣ ለሥራ ጉዳይ ወደ ካምፓላ በሄድንበት ጊዜ ነው። ልጁ የሣለው ወፍ የፈረንጅ ብቻ አልነበረም። በዚያን ዕለት ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ከነበረው ርእስም የራቀ አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወፉ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ባጭሩ ማሳየትና ለክፍላችን የሚሰጠውን ጥቅም ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጨዋታውና የመርከበኞቹ ወፍ

ተማሪው የጠቀሰው ዓይነት ጨዋታ መነሻው አሜሪካ ነው። በ1974፣ ይኸውም ድንቅነሽ በሐዳር በተገኘችበት ዓመት፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘ ጨዋታ በትንንሽ ቅጾች አሳተሙ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ የድርጊቱ ውጤትም ቁጥር በተጻፈባቸው ባለብዙ ገጽ መጫወቻዎች ውርወራ ይወሰናል። ከጀግኖቹ ጋር ከሚጋጠሙት አውሬዎች መካከል ሮክ የተባለው ግዙፍ ንስር ከመጀመሪያዎቹ ቅጾች ጀምሮ ይገኛል። ዛሬ በኮምፒዩተርና በስልክ የሚጫወቱት ብዙዎቹ ጨዋታዎች ከዚህ የተወለዱ ናቸው።

ይሁን እንጂ አሜሪካውያኑ ወፉን አልፈጠሩትም። ስሙ ከዐረብኛው «ሩኽ» የመጣ ነው። በሺህ አንድ ሌሊት ውስጥ መርከበኛው ሲንድባድ በሁለተኛ ጉዞው ታላቅ ነጭ ጉልላት አግኝቶ ሲዞረው የሩኽ እንቁላል ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያም በጥምጥሙ ራሱን ከወፉ እግር ጋር አስሮ ከደሴቲቱ ያመልጣል። በአምስተኛው ጉዞ ደግሞ ባልንጀሮቹ እንቁላሉን ሰብረው ጫጩቱን ይበላሉ። ወላጆቹ ወፎች ቋጥኝ ተሸክመው መጥተው ከሰማይ በመልቀቅ መርከባቸውን ያሰጥማሉ። ሲንድባድ የባስራ መንገድ የሚያውቅ ነጋዴ ነው። ሩኽም የሕንድ ውቅያኖስ መርከበኞች ወፍ ነው። እንግዲህ በዚያን ዕለት ደብተሩ የተዘጋበት ልጅ ሳያውቀው የዕለቱን ትምህርት ሥሎ ነበር ማለት ነው።

የቬኒሱ ተጓዥ ማርኮ ፖሎም በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባስጻፈው መጽሐፍ ወፉን ጠቅሶታል። በእሱ አተራረክ ወፉ ከማዳጋስካር በስተደቡብ ባሉ ደሴቶች ይገኛል፤ ዝሆን ወደ ላይ አንሥቶ ይለቅና ተከስክሶ ሲሞት ይበላዋል። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ማርኮ ፖሎ ማዳጋስካርን በዓይኑ አላየም፤ የነገረን የሰማውን ነው።

ታዲያ ለምን ማዳጋስካር ተባለ? በ1851 ኢዚዶር ዦፍሯ ሴንት ኢሌር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ከማዳጋስካር የመጡ ግዙፍ እንቁላሎችንና አጥንቶችን በፓሪስ ለሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ። ርዝመቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ ከ8 ሊትር ያላነሰ የሚይዝ እንቁላል ነበር። ባለቤቱ አሁን የጠፋው «የዝሆን ወፍ» ነው። ቁመቱ ወደ 3 ሜትር ይደርስ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ሰጎን በእግሩ የሚሄድ እንጂ የሚበር አልነበረም፤ ሥጋ በል ንስርም አልነበረም። በዚህም ምክንያት ብዙ ሊቃውንት የሩኽን ወሬ ከእነዚህ እንቁላሎች ጋር ያያይዙታል። እንቁላሉን ያየ መርከበኛ እናቲቱን በሐሳቡ አሳደጋት፤ ክንፍም ሰጣት ማለት ነው።

ሩኽ በንጉሥ ሰሎሞን ቤት

ወፉ በባሕር ላይ ብቻ አልቀረም፤ ወደ እኛም ትውፊት ደርሷል። ስለ ንግሥተ ሳባና ስለ ቀዳማዊ ምኒልክ በዐረብኛ የተጻፈና በ1922 እንግሊዛዊው ሊቅ ዎሊስ በጅ በእንግሊዝኛ ያሳተመው አንድ ትረካ አለ። በትረካው መሠረት ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲያሠራ ድንጋዩ ለጠራቢዎቹ መሣሪያ አልበገር አለ። ንጉሡም የሩኽ ጫጩት አስይዞ ከናስ ድስት በታች አስደፋው። እናቲቱ ልጇን ለማስለቀቅ እስከ ገነት በርራ አንድ ዕንጨት አመጣች፤ ከላይም በድስቱ ላይ ብትለቀው ድስቱ ለሁለት ተከፈለ። ጠራቢዎቹ በዚያ ዕንጨት ድንጋዩን ቆረጡ። ዕንጨቱም በቤተ መቅደሱ ቆይቶ፣ ንግሥቲቱ በመጣች ጊዜ ጉድለት የነበረበት እግሯ ቢነካው ተፈወሰ ይላል ትረካው።

የንግሥቲቱን እግር ነገር ከአያቶቹ ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። ሮክ የሚባለው የጨዋታ አውሬ ከዚሁ ታሪክ ጋር እንደሚገናኝ የሚያውቅ ግን ከመምህራንም ብዙ አይገኝም። በሲንድባድም ሆነ በሰሎሞን ታሪክ ልጇ የተነካባት ወፍ ከሰማይ አንድ ነገር ትለቃለች። ከላይ የሚወርድ ነገር ከጦርና ከቅጥር ይበልጣል የሚለው ሐሳብ በሁለቱም ውስጥ አለ። ይህንኑ ሐሳብ በካምፓላ በሌላ መልክ አገኘነው።

የካምፓላው በራሪ ጦረኛ

ወደ ካምፓላ የሄደ እንግዳ ቀና ብሎ ሳያይ አይቀርም። እኛ አባ ኮዳ የምንላቸው፣ በሉጋንዳ «ካሎሊ» የሚባሉት ወፎች በየዛፉና በየጣሪያው ላይ ሰፍረው ይታያሉ። ቁመታቸው እስከ 1 ሜትር ተኩል ነው፤ ክንፋቸው ሲዘረጋ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ራሳቸው በራ ነው፤ ከአንገታቸውም ከረጢት መሳይ ቆዳ ይንጠለጠላል። ጥፋታቸው የከተማ ቆሻሻ መልቀም ብቻ ቢሆንም፣ ጥላቸው በመንገደኛ ላይ ሲያልፍ ቀና ማሰኘቱ አይቀርም።

የቡጋንዳ ሕዝብ ግን በአፈ ታሪኩ ከሰማይ ያዋጋው ወፍ ሳይሆን ሰው ነው። ትውፊቱ እንደሚለው፣ ናኪቢንጌ የተባለው ካባካ፣ ማለትም የቡጋንዳ ንጉሥ፣ ከቡኒዮሮ ጋር በተዋጋ ጊዜ ከሴሴ ደሴቶች ኪቡካ የተባለ ጦረኛ ተላከለት። ኪቡካ የሐይቁ አምላክ የሙካሳ ወንድም ሲሆን፣ ስሙ በሉጋንዳ መብረር ወይም መዝለል ከሚል ቃል ጋር የተያያዘ ነው። በደመና ውስጥ ገብቶ በጠላት ላይ ፍላጻ ያዘንብ ነበር። ከምርኮኛ ሴት ጋር እንዳይገናኝ ቢነገረውም አልሰማም። አንዲት የቡኒዮሮ ምርኮኛ ምሥጢሩን አውቃ አመለጠችና ለወገኖቿ ነገረች። እነርሱም ወደ ደመናው ወርውረው አቈሰሉት። ኪቡካ በምባሌ ዛፍ ላይ ወድቆ ሞተ። ይህች ምባሌ በማዎኮታ የምትገኝ እንጂ በምሥራቅ ኡጋንዳ ያለችው ከተማ አይደለችም። ከሞቱ በኋላ የጦር አምላክ ተብሎ ቤተ ጣዖት ተሠራለት።

ተጓዡ ሄንሪ ስታንሊ በ1875 በካባካ ሙቴሳ ቤተ መንግሥት ተገኝቶ የሰማውን በ1878 ሲያሳትም፣ ጦረኛውን ኪባጋ ብሎ ጠርቶ ፍላጻ ሳይሆን ታላላቅ ድንጋይ በጠላት ላይ ያዘንብ እንደነበር ጽፏል። የናኪቢንጌ ዘመን፣ የቡኒዮሮ ጦርነት፣ ምሥጢር አውጪዋ ሴትና ዛፍ ላይ ያለው ሞት ሁሉም ስላሉ፣ ሁለቱ አንድ ታሪክ መሆናቸው ግልጽ ነው። ልዩነቱ ከላይ የወረደው ነገር ምንነት ላይ ነው። አንድ ትውፊት በአፍ ሲተላለፍ አጥንቱ ጸንቶ ሥጋው እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ የክፍል ምሳሌ አላገኘንም።

አጥንት ካልን፣ የኪቡካ ቅሪት የተባሉት ዕቃዎችም አሉ፤ ከእነርሱም መካከል የሰው መንጋጋ ይገኛል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጆን ሮስኮ የተባለ ሚስዮናዊ ወደ ኬምብሪጅ ወሰዳቸው። ኡጋንዳ ነፃ በወጣችበት በ1962 ተመልሰው፣ በ1908 ለተመሠረተው ለካምፓላው የኡጋንዳ ሙዚየም ተሰጡ። አዲስ መንግሥት ሲቆም የበራሪ ሰው መንጋጋ ወደ አገሩ መመለሱ ትንሽ ነገር አይደለም። የበረረ ሰው ላይኖር ይችላል፤ ሕዝብ ያከበረው ሰው ግን ነበር። «ተረት ነው» ብለን ብናልፈው ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወቅን ነበር።

እውነተኛው ንስር

እንግዲህ ከአፈ ታሪኩ ጀርባ ያለውን የተፈጥሮ እውነት እንመልከት። በምዕራብ ኡጋንዳ፣ በኪባሌ ጫካ ባለዘውድ ንስር ይኖራል። ክብደቱ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ብቻ ቢሆንም ከራሱ የሚከብድ ጦጣ ይገድላል። ተመራማሪዎች ከጎጆው ሥር የወደቁ የጦጣ አጥንቶችን ሰብስበው የጥፍሩንና የመንቈሩን ምልክት አጥንተዋል።

ይህ ጥናት ወደ ሌላ ጥያቄ መራ። በ1924 በደቡብ አፍሪካ ታውንግ በተባለ ስፍራ የአንድ ጥንታዊ ሕፃን ራስ ቅል ተገኝቶ ነበር። ዕድሜው ከ2 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ሊ በርገርና ሮን ክላርክ በ1995 ሕፃኑን የገደለው ታላቅ ንስር ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ2006 ደግሞ በምዕራብ አፍሪካ ባለዘውድ ንስር የበላቸው ጦጣዎች ራስ ቅል ላይ የተገኘው ዓይነት ምልክት በሕፃኑ የዓይን ጕድጓድ ላይ መኖሩ ታወቀ። ስለዚህ ሰው ሰማዩን መፍራት የጀመረው ሰው ከመሆኑ በፊት ሳይሆን አይቀርም።

ድንጋይ የመጣሉስ ነገር? በሰሜን ተራሮች ለሚኖር ተማሪ ይህ እንግዳ አይሆንም። ባለጢሙ አሞራ አጥንት ይዞ ከፍ ካለ በኋላ በአለት ላይ ይለቃል፤ ሲሰበርም ቅልጥሙን ይበላል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲጓዝ፣ በሊማሊሞ አናት ላይ አሽከሮቹ የፍየል ቅቅል ሲበሉ እንዲህ ያለ አሞራ መጥቶ ሥጋቸውን ነጥቆ ሄደ። ሲመለስ ብሩስ በጥይት ገደለውና ንስር ብሎ መዘገበው። ክንፉ ተዘርግቶ ወደ 2 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ ወደ 10 ኪሎ ግራም ሆነ ይላል። የክንፉ ልክ ዛሬ ከሚታወቀው ጋር ይስማማል። ክብደቱ ግን ዛሬ ከሚታወቀው ወደ 7 ኪሎ ግራም ከሚደርስ መጠን በጣም ይበልጣል። ወፉን በእጁ የያዘ ሰው እንኳ ሲጽፍ እንዲህ ከፍ ካደረገው፣ ከሩቅ የሰማማ ዝሆን ቢያሸክመው ምን ያስገርማል?

ዝሆን አንሺ ንስር የማይኖርበትን ምክንያት የሒሳብ መምህር በሁለት ደቂቃ ያስረዳል። አንድ ወፍ መልኩ ሳይለወጥ በሁሉም አቅጣጫ 10 እጥፍ ቢያድግ የክንፉ ስፋት 100 እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱ ግን 1,000 እጥፍ ይደርሳል። ክንፉ ሊሸከመው አይችልም። ከታወቁት ንስሮች ሁሉ ትልቁ፣ ከ600 ዓመት ገደማ በፊት የጠፋው የኒው ዚላንድ ንስር እንኳ ከ15 ኪሎ ግራም ብዙ የሚበልጥ አልነበረም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ ግዙፉ ንስር በመርከበኛ ወሬ፣ በሰሎሞን ትረካ፣ በቡጋንዳ ጦርነትና በጨዋታ ቅጽ ውስጥ ልዩ ልዩ መልክ ይዞ ይገኛል። መምህሩ ተማሪው እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ሲመጣ ሁለት ስሕተቶችን መጠንቀቅ አለበት። አንደኛው እንዳለ እውነት ነው ብሎ መቀበል ነው፤ ሁለተኛው እኛ የሠራነው፣ «ተረት ነው» ብሎ መዝጋት ነው። በመካከል ያለው መንገድ ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ነው። ነገሩን ማን ተናገረ? ተናጋሪው አየ ወይስ ሰማ? ለቃሉ ምስክር የሚሆን እንቁላል፣ አጥንት ወይም ጽሑፍ ምን አለ? ማርኮ ፖሎን፣ ስታንሊንና ብሩስን በእነዚህ ጥያቄዎች የመረመረ ተማሪ ነገ በስልኩ የሚደርሰውንም ወሬ ይመረምራል።

ለተግባር ያህል፣ ተማሪዎች ከአካባቢያቸው ሽማግሌዎች ስለ ንስርና ስለ አሞራ የሚነገረውን ጠይቀው እንዲጽፉና ከሥነ ሕይወት መምህራቸው ጋር እንዲያመሳክሩ ማድረግ ይቻላል። ወረቀትና እርሳስ እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም።

ያን ንስር የሣለው ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ እጩ መምህራንን ስንገመግም አንድ ነገር እንመለከታለን። ይኸውም የተማሪን ደብተር ከማስዘጋታቸው በፊት በላዩ ያለውን ማየታቸውን ነው።