የቆራጣ እናቶችና የዠበይ ዘበኛ

በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ ንጉሡ የሮምን ሃይማኖት ተቀብለው አገር በታወከበት ወራት፣ ወለተ ጴጥሮስ የምትባል የባላባት ልጅ ከባሏ ከመልክአ ክርስቶስ ቤት ወጥታ መነኰሰች። የወለደቻቸው ልጆች ሁሉ ሞተውባት ነበር። የንጉሡን እምነት አልቀበል ስላለችም ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ወደ ዠበይ ተጋዘች። ግዞቱ ይበትናታል ሲሉ ተከታይ ሰበሰበላት፤ የመጀመሪያ ማኅበሯም በዚያ በረሃ ተተከለ፤ በኋላም ማኅበሮቿ ሰባት ሆኑ። ከወረታ በደቡብ ምዕራብ፣ ጉማራን ተሻግሮ ጣና ዳር ያለችው ቆራጣ ዛሬም በስሟ ትጠራለች።

በዚህ ማኅበር እመቤትና ገረድ እኩል ነበሩ የሚል ሰው ማስረጃ አያጣም። መነኩሴው ገላውዴዎስ በ1665 ዓ.ም. የጻፈው ገድል ይህች ወይዘሮ እህል ስትፈጭ፣ ውኃ ስትቀዳ ያሳየናል። እኔ ግን ምስጋናው ራሱ ልዩነቱን ያጋልጣል እላለሁ። በፎገራ ሜዳ ሴት ወፍጮ ላይ ማጎንበሷ ምን ይደንቃል? የሚደንቀው እመቤቲቱ ስታጎነብስ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ስትፈጭ ለኖረች ገረድ ማን ገድል ጻፈላት? ማኅበሩ ከፍ ያለችውን ዝቅ ማድረግ ችሏል፤ ከአጥር ውጭ ላለው ግን ሌላ ዓይን ነበረው። በዠበይ ለጠባቂነት የተሰጠችው ለአንድ አረማዊ ነው፤ ገድሉ ይህን ሰው የሚያውቀው በጥቁረቱ ነው። «አሳሪዋ ስለሆነ ነው እንጂ በቀለሙ አይደለም፤ ያኔ ሰው የሚለየው በሃይማኖት ነበር» ይባል ይሆናል። ሃይማኖት ይቀድም እንደነበር አልክድም። ነገር ግን የካቶሊኩ ጳጳስ አልፎንሱም ጠላቷ ነበር፤ እሱ በስሙና በእምነቱ ተጠርቶ ይረገማል። ፈረንጁ ጠላት ስም አለው፤ ጥቁሩ ጠላት ቀለም ብቻ። ለጸሐፊው፣ ራሱም ጥቁር ለሆነው፣ ይህ ነገር እንግዳ አልመሰለውም።

ይህን ከሌላ የሴቶች ማኅበር ጋር እናነጻጽረው፤ በአሜሪካ የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ጥቁሮችና ነጮች በተለያየ ቅርንጫፍ ይሰበሰቡ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ጉባኤው ልዩነቱን ለማንሳት ወሰነ። እዚያ አጥሩ የታወቀ ነበርና የሚያፈርሰው ተገኘ። በጣና ዳር ግን ልዩነቱ ያደረው በብራና ላይ፣ «ጥቁር» በሚለው ቅጽል ውስጥ ነው።

ወለተ ጴጥሮስም ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. አረፈች፤ በሬማ ደሴት ተቀበረች፤ ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስም ማኅበሩን ተረከበች። ዘበኛው በዠበይ ቀረ።