ከአጥንት ወደ ውሃ፦ የስንፈተ ወሲብ ቀዶ ሕክምና ጉዞ

ወንድ ብልቱ አልቆም ሲለው ሕመሙን «ስንፈተ ወሲብ» እንለዋለን። ስንፈትና ስንፍና ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቃላት ስለሆኑ ስሙ ራሱ ታማሚውን ይወቅሳል። ወቀሳው የእኛ ብቻ አልነበረም፤ በአሜሪካም እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ድረስ ብዙ ሐኪሞች ችግሩ በአብዛኛው ከአእምሮ የሚመነጭ አድርገው ያዩት ነበር። ሰው ሠራሽ ዘንግ በብልት ውስጥ የመትከል ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። ሕክምናው መንገዱን ያገኘው የሰውነትን አሠራር አጥንቶ መከተል ሲጀምር ነው።

ውሻን ጨምሮ ብዙ አጥቢ እንስሳት በብልታቸው ውስጥ አጥንት አላቸው፤ ሰው ግን የለውም። የመጀመሪያዎቹ ቀዶ ሐኪሞች ይህንን ጉድለት ሊሞሉ ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ1936 የሶቪየቱ ሐኪም ኒኮላይ ቦጎራዝ ብልቱን ላጣ ሰው አዲስ ብልት ከቆዳ ሠርቶ፣ እንዲጠነክር ከጎድን የተወሰደ ለስላሳ አጥንት ከተተበት። ሆኖም እንዲህ ያለውን አጥንት ሰውነት ቀስ በቀስ ይበላዋል። በ1966 የካይሮው ሐኪም ቤሄሪ 700 ያህል ታካሚዎችን እንዳከመ ሲያስታውቅ ትልቁ ቁም ነገር የፕላስቲክ ዘንጎቹ ብቻ ሳይሆኑ ቦታቸውም ነበር፤ ደም ሲሞላቸው በሚጠነክሩት ሁለቱ ስፖንጅ መሰል የብልት ክፍሎች ውስጥ አስገባቸው። ቦታው ተገኘ፤ ዘንጉ ግን ሁልጊዜ እንደ ጠነከረ ይቀር ነበር።

ብልትን የሚያቆመው ደም እንጂ አጥንት አይደለም። በ1973 የሂዩስተኑ ሐኪም ብራንትሊ ስኮት ከነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ብራድሊና ከመሐንዲሱ ጄራልድ ቲም ጋር ያቀረበው መሣሪያ የተመሠረተው በዚህ እውነት ላይ ነው። ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት ዓይነት፣ ሁለት ቱቦዎች በብልቱ ውስጥ፣ የጨው ውሃ የያዘ ከረጢት በሆድ ውስጥ፣ ትንሽ ፓምፕ ደግሞ በቆለጥ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣሉ። ሰውየው ፓምፑን ደጋግሞ ሲጨምቀው ውሃው ወደ ቱቦዎቹ ይገባል፤ ማስለቀቂያውን ሲጫን በሆድ ውስጥ ወዳለው ከረጢት ይመለሳል። ውሃው የደምን ሥራ ተረከበ ማለት ነው።

«በ1998 ቫያግራ ከመጣ በኋላ ቢላዋ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ክኒኑ የሚሠራው ነርቭ መልእክቱን፣ የደም ሥርም ደሙን ማድረስ ሲችሉ ነው። የስኳር ሕመም የደም ሥሩን የጎዳበት ወይም በፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ነርቩ የተቆረጠበት ሰውን ብዙ ጊዜ አይጠቅመውም። «ጭንቀትስ?» ለሚለው፣ ጭንቀትም እውነተኛ መንስኤ ነው፤ ስለዚህም ምክርና መድኃኒት ይቀድማሉ። ከተከላ በኋላ ተፈጥሯዊው መቆም ስለማይመለስ ቀዶው የመጨረሻው አማራጭ ነው። ኢንፌክሽንን መፍራትም ተገቢ ነው፤ ከ2001 ጀምሮ ግን ለሳንባ ነቀርሳ የምናውቀው ሪፋምፒሲን ከሌላ ፀረ ባክቴሪያ ጋር የተቀባባቸው መሣሪያዎች ሥጋቱን በእጅጉ ቀንሰውታል። ብዙዎቹ መሣሪያዎችም ከ10 ዓመት በላይ ያገለግላሉ።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ሕመሙ ስንፍና አለመሆኑን ነው። ብልት በደም የሚቆም ከሆነ አለመቆሙ የደም ሥር ጉዳት፣ አልፎም የስኳርና የልብ ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ችግሩ የገጠመው ሰው በኀፍረት ቤቱ አይቀመጥ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።